አድማጩ የት ሄደ? ራዲዮ ቤታችንን ዝም አሰኘ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ራዲዮ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ እየተዟዟረ ነው። ለእኔም ከተለያዩ ወዳጆች ደርሶኛል። ራዲዮ ከተፈለሰፈ ወዲህ የሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ እንዴት እንደተበላሸ ይተርካል። አጻጻፉ ያምራል። ጸሐፊው ብዕር አላቸው፤ ሰዉ «እውነት ነው» እያለ የሚቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ዋናው ሐሳቡ ስህተት ነው እላለሁ። አንዳንዱ መረጃም እንደዚያው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ላላነበባችሁት፣ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ማርኮኒ ራዲዮን እንደፈለሰፈ ኑሮ በአንድ ጀንበር ተለወጠ፤ ሳጥኑ ማንንም ሳያስፈቅድ ቤት ገባ። ከገባም በኋላ ቤተሰብ መጨዋወት አቆመ፤ ተረቱም ጠፋ። ቀጥለው ራዲዮ የመንግሥት አፍ ነው፣ አድማጩም የተነገረውን ሁሉ የሚውጥ መንጋ ሆኗል ይላሉ። ለዚህ በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ደረሰ የተባለውን ድንጋጤና የሩዋንዳን እልቂት በማስረጃነት ያቀርባሉ። ከዚያ ራዲዮ ንባብን ገደለ ይላሉ። በመጨረሻም ለውጡ የከተሜ ነገር ነበር፣ ገጠሬውን ሞባይል እስኪመጣ ድረስ አልነካውም፤ አሁን ደግሞ ራዲዮ ራሱ ሞቷል ብለው ይደመድማሉ። (እዚህ ላይ ትንሽ ይጋጫሉ። ምንም ያልነካውን ሰው እንዴት አበላሸው?)

በእኔ እምነት የሁሉም ነጥቦች ችግር አንድ ነው። ጸሐፊው የሚያዩት ተናጋሪውን ብቻ ነው። ሰሚው በታሪካቸው ውስጥ የለም። ራዲዮ ኑሮን የለወጠው ግን ሰሚው ባደረገው ነገር ነው። ማን ቤት ተሰብስቦ እንደሚሰማ፣ የቱን ጣቢያ እንደሚፈልግ፣ ሰምቶ ሲያበቃ ምን እንደሚል የሚወስነው እሱ ነበር።

«በአንድ ጀንበር» በሚለው ብዙ አልቆይም። ማርኮኒ በ1895 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ሙከራውን ሲያደርግ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ስኮትላንዳዊው ማክስዌል የራዲዮ ሞገድ መኖር እንዳለበት በሒሳብ አሳይቷል። ጀርመናዊው ኸርዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ በቤተ ሙከራ አረጋግጧል። ሩሲያዊው ፖፖቭና ሕንዳዊው ቦዝም በዚያው ሰሞን በዚሁ ነገር ላይ እየሠሩ ነበር። ማርኮኒ በ1909 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ከጀርመናዊው ብራውን ጋር ተካፍሎ ነው። ከሙከራው በኋላም ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ራዲዮ በአብዛኛው መርከበኞችና የጦር ሠራዊት በነጥብና ጭረት (በሞርስ ኮድ) የሚላላኩበት መገናኛ ነበር። ተራው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አያዳምጠውም። የፒትስበርጉ የራዲዮ ጣቢያ ኬዲኬኤ የአሜሪካን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ያሰማው ኖቬምበር 2 ቀን 1920 ነው። ቢቢሲ የተመሠረተው በ1922 ነው። ይህ የሩብ ምዕተ ዓመት ጉዳይ ነው።

ይልቅ የዚያ የነጥብና ጭረት ዘመን አንድ ታሪክ ለእኔ ነገር ይጠቅመኛል። ኤፕሪል 1912 ታይታኒክ የበረዶ ተራራ ገጭታ ስትሰጥም የድረሱልኝ ጥሪ በራዲዮ ላከች። ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ በቅርብ ነበረች። የራዲዮ ሠራተኛዋ ግን መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቷል። ካርፓቲያ ከእሷ ይልቅ ሩቅ ነበረች። የካርፓቲያ ሠራተኛ ሊተኛ ልብሱን እያወለቀ ማዳመጫውን ገና ከጆሮው አላወረደም ነበር። ሰማ። በጀልባ ላይ የነበሩትን ከ700 በላይ ሰዎች ያነሳችው ካርፓቲያ ናት። በዚያ ሌሊት ሁለቱም መርከቦች ራዲዮ ነበራቸው። አንደኛው ጋ የሚሰማ ሰው ነበር፣ ሌላኛው ጋ አልነበረም። በትልልቅ መርከቦች ላይ ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ሰው ይኑር የሚለው ዓለም አቀፍ ሕግ የወጣውም ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ስለ ራዲዮ ሲጻፍ ሰሚውን መዝለል የማይቻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ቤተሰብ መጨዋወት አቆመ ይላሉ።

አንድ ነገር ልቀበል። ማታ ማታ ይወራ የነበረው ተረት በብዙ ቤት ቀንሷል። ይህን የሚክድ የለም። ግን ጥፋቱን ሁሉ ለራዲዮ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፤ ማታ የቤት ሥራ አለበት። አያትየው ገጠር ቀሩ፣ ልጆቻቸው ከተማ ገቡ። ተረት ነጋሪና ተረት ሰሚ ተለያዩ። ራዲዮ ኖሮም አልኖረም ይህ መከተሉ አይቀርም ነበር።

ደግሞስ የራዲዮ ቤት ዝም ያለ ቤት ነበር? ጸሐፊው ራዲዮንና ቴሌቪዥንን ያምታቱ ይመስለኛል። ቴሌቪዥን ዓይን ይይዛል። ራዲዮ እጅም ዓይንም አይይዝም። ራዲዮ እየተሰማ ምስር ይለቀማል፣ ጥጥ ይፈተላል፣ ቡና ይቆላል። ጎረቤት ይገባል ይወጣል። አርፍዶ የመጣ ሰው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። አንዱ ይነግረዋል፤ ሌላው «ኧረ እንደዚያ አላለም» ብሎ ያርመዋል። ዜናው አሥር ደቂቃ ከሆነ ክርክሩ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ራዲዮ ባለበት ሰፈር የራዲዮው ባለቤት ቤት የሰፈሩ መሰብሰቢያ ነበር። ሻይ ቤቱም ጠጅ ቤቱም እንደዚያው። ጨዋታው አልጠፋም፤ የሚጫወቱበት ነገር ጨመረ እንጂ።

አያቴ ቤት የነበረውን ራዲዮ አስታውሳለሁ። ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ይቀመጣል። ልጅ አይነካውም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየሰለለ ይሄዳል። ያኔ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አልሆን ካለ በጥርስ ይነከስና ተመልሶ ይገባል። አያቴ ያቺን የቀረችውን ጉልበት ለዜና ይቆጥቧት ነበር። ዘፈን ሲጀምር ይዘጉታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይከፍቱታል። ሰዓት በራዲዮ ነበር የሚሞላው። አዲስ ድንጋይ ሲገዛ ደግሞ ለእኛ ለልጆቹ በዓል ነው፤ ዘፈን ይፈቀዳል። የተነገረውን ሁሉ የሚውጥ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይመርጣል፣ ይቆጥባል፣ ይዘጋል።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ቢያነሱት ግን አብሬያቸው የምቆምበት ሌላ ነገር አለ። በዚያ ቤት መክፈቻው በማን እጅ ነበር? በአባወራው። ሴቶቹና ልጆቹ ምን መስማት እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው የለም። ጓዳ ሆነው የደረሳቸውን ይሰሙ ነበር። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው። የቤቱ ሥርዓት ግን ከራዲዮው በፊትም ያው ነበር።

ስለ ጨዋታ ካነሳን ኳስን አለማንሳት አይቻልም። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ፤ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን። ስታዲየም መግባት ያልቻለው ሰው ጨዋታውን ያየው በደምሴ ዳምጤ አንደበት ነው። ያ ስርጭት ዛሬም ድረስ በቃል የሚደገመው ለምንድን ነው? ሰው ብቻውን ስላልሰማው ነው። ከጎረቤቱ፣ ከወንድሙ፣ ከማያውቀው መንገደኛ ጋር ተቃቅፎ የሰማው ነው። ቤተሰብን ዝም አሰኘ የተባለው ሳጥን ሰፈሩን በአንድ አፍ አስጮኸው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደው ነው። ራዲዮ የመንግሥት አፍ፣ አድማጩ መንጋ።

የመጀመሪያው ግማሽ በእኛ አገር እውነት አለው። የኢትዮጵያ ራዲዮ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲጀመር የመንግሥት ነበር። ከነፃነት በኋላም በንጉሡ፣ በደርግም፣ ከዚያም ወዲህ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሆኖ ቆየ። የሉተራን ቤተ ክርስቲያኖች በ1955 ዓ.ም. የከፈቱት ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ለየት ያለ ነበር፤ እሱንም ደርግ በ1969 ወረሰው። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ችግሩ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ራዲዮን የያዘ ሕዝቡን ይይዛል? ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጣቢያውን በእጁ አስገብቶ ነበር። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የለውጡን መግለጫ በራዲዮ አነበቡ። አዲስ አበባ ሰማች። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። አብዛኛው ሕዝብ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ቆሞ ተመለከተ። የንጉሡ ወገን በበኩሉ የፓትርያርኩን የአቡነ ባስልዮስን መልእክት በወረቀት አትሞ ከአውሮፕላን በተነው። ጦሩ ከተማ ውስጥ ተዋጋ፤ ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ራዲዮው በአመፀኞቹ እጅ ነበር። ሰሚው አመዛዝኖ አልተነሣም። ጸሐፊው እንደሚሉት መንጋ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ አደባባይ በሞላ ነበር።

የደርግን ዘመን ደግሞ ያየ ሰው ይመስክር። በዚያ ዘመን አድማጩ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ያልተነገረውንም ይሰማ ነበር። የተለመደው ፕሮግራም ተቋርጦ ማርሽ ከተደጋገመ ሰዉ ተያይቶ «ምን መጣ?» ይባባላል። የአንድ ባለሥልጣን ስም ከዜናው ከጠፋ ያስተውላል። «አመርቂ ድል» ሲባል የቱ ከተማ እንደተለቀቀ ለማወቅ ሌላ ጣቢያ ይፈልጋል። ሌላ ጣቢያ ደግሞ ሞልቷል። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የአሜሪካ ድምፅ በ1982 እ.ኤ.አ. አማርኛ ጀመረ። የሻዕቢያው ድምጺ ሓፋሽ ከ1971 ዓ.ም.፣ የወያኔው ድምፂ ወያነ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከበረሃ ያሰራጩ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከሞቃዲሾ በአፋን ኦሮሞ የሚተላለፍ ስርጭት ነበር። በአገሩ ራዲዮ ቋንቋውን ያጣ የባሌና የሐረርጌ ሰው ድንበር ተሻግሮ የሚመጣውን ሞገድ ይከታተል ነበር።

እነዚህን መስማት ጨዋታ አልነበረም። ያስጠረጥራል፤ ያሳስራል። ሰዉ እንዴት ይሰማ እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በር ይዘጋል። ድምፁ እስኪጠፋ ይቀነሳል። ራዲዮው ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባና ጆሮ ይለጠፍበታል። ሞገዱ እየተንሸራተተ ያስቸግራል፤ መርፌዋ በጥፍር እየተነካካች ትመለሳለች። ሲያበቃ ከመዝጋት በፊት መርፌዋ ወደ አገር ውስጡ ጣቢያ ትወሰዳለች፤ ነገ አንድ ሰው መጥቶ ቢከፍተው የት ላይ እንደነበረች እንዳያውቅ። ከዚያ በማግስቱ ሥራ ቦታ ወሬውን ምንጩን ሳይጠሩ ለሚያምኑት ሰው ማካፈል አለ። ሁለቱም የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ያውቃሉ። የመንግሥት ዜናና የአማፂው ዜና ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመዘናሉ። ይህን ያህል የሚደክም ሰው መንጋ ሊባል አይገባውም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ላይ የወደቀ ያልተገባ ስም ስለሆነ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ሌላም ማስረጃ አለ። መንግሥታት ሞገድ የሚያፍኑት ለምንድን ነው? ማርች 2010 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው የጥላቻ ራዲዮ ጋር አመሳስለው፣ አቅሙ መኖሩ ሲረጋገጥላቸው እንዲታፈን ትእዛዝ እንደሚሰጡ ተናግረው ነበር። አድማጩ መንግሥት የነገረውን ብቻ የሚውጥ ከሆነ ማፈን ለምን አስፈለገ? የሚያፍን መንግሥት ሰሚው እንደሚያወዳድር ያውቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ የውጭ ምሳሌዎቻቸው። በኦክቶበር 1938 ኦርሰን ዌልስ በራዲዮ ስላቀረበው የማርስ ወረራ ድራማ «አሜሪካ በሙሉ ከቤቱ ወጥቶ ሮጠ» ዓይነት ነገር ጽፈዋል። ይህ በጣም የተጋነነ ነው። በዚያች ምሽት የአድማጭ ቁጥር የሚለካ ድርጅት ወደ 5,000 ቤቶች ደውሎ ነበር። ያንን ፕሮግራም እየሰማሁ ነው ያለው 2 ከመቶ ብቻ ነው። ብዙው ሰው በሌላ ጣቢያ የሚቀርበውን ዝነኛ የቀልድ ዝግጅት ያዳምጥ ነበር። የደነገጠ ሰው አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ወደ ጋዜጣና ወደ ፖሊስ የደወለ ብዙ ነው። አገር ምድሩ እንደተናወጠ አድርገው በትልልቅ ርዕስ ያወጡት ግን ጋዜጦቹ ናቸው። ጋዜጦቹ ደግሞ በዚያ ዘመን ማስታወቂያቸውን ራዲዮ እየወሰደባቸው ስለነበር ራዲዮን ኃላፊነት የጎደለው አድርጎ ማሳየት ይጠቅማቸው ነበር።

ሩዋንዳን በተመለከተ ቃል አልቆጥብም። አርቲኤልኤም የተባለው ጣቢያ በ1993 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ በ1994ቱ እልቂት ጊዜ ሰው ያስገድል ነበር። አሩሻ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2003 ከመሪዎቹ ሁለቱን ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ራዲዮ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማረጋገጫ የለም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ነገር ግን በዚያው መዝገብ፣ በዚያው ቀን አብሮ የተፈረደበት ሦስተኛው ሰው የካንጉራ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። የጋዜጣ! ጸሐፊው ደግሞ ጋዜጣ ሰው እንዲያስብ ያደርጋል፣ ራዲዮ ያደነዝዛል ብለው ጽፈዋል። ጥላቻው በቀለምም በሞገድም ነበር የተሰራጨው። ከዚያ ከእልቂቱ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ እዚያው አጠገብ ቡሩንዲ ውስጥ ስቱዲዮ ኢጃምቦ ተከፈተ። የሁቱና የቱትሲ ጋዜጠኞች አብረው ዜናና ድራማ እያዘጋጁ በራዲዮ ያቀርቡ ነበር። አካባቢው አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማን ያዘው፣ ሰሚውስ ሌላ ምርጫ ነበረው ወይ የሚለው ነው። ምርጫ በሌለበት ቦታ አደጋው ይብሳል፤ ይህን አምናለሁ።

«ራዲዮ ንባብን ገደለ» የሚለው በእኛ አገር ፈጽሞ አይሠራም። አብዮቱ ሲፈነዳ ከሕዝባችን ከ90 በመቶ በላይ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ለማን የነበረ ንባብ ነው የተገደለው? እንዲያውም ለዚያ ሰው መጽሐፍን ያደረሰለት ራዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያነብ ፊደል ያልቆጠረች እናት በዛብህንና ሰብለወንጌልን አወቀች። ስለ ጉዱ ካሳ ከልጇ ጋር ተከራከረች። ፊደል የቆጠረውም ቢሆን መጽሐፉን ሲያነብ ዛሬም ድረስ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ድምፁ ሰውን ወደ መጽሐፉ መራ እንጂ ከመጽሐፉ አላራቀውም።

መጻፍንም ጨምሩበት። የዘፈን ምርጫ ዝግጅቶችን አስታውሱ። ወታደሩ ከግንባር፣ መምህሩ ከተመደበበት ወረዳ፣ ተማሪዋ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይጽፋሉ። ስማቸው በራዲዮ እስኪጠራ ሳምንታት ይጠብቃሉ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የራዲዮ ድራማ ከአድማጮቹ በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጎርፎለታል። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ትዳር ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ጻፉ። በቤት ውስጥ የማይወራውን ነገር አንድ የድራማ ገጸ ባሕርይ አስወራቸው። ከላይ «ቤተሰብ ዝም አለ» ለሚለውም ይህ መልስ ይሆናል።

የገጠሩ ጉዳይ ቀረ። ጸሐፊው ራዲዮ ሲሉ ያ ትልቁ፣ ከግድግዳ መብራት የሚስበው፣ ሲከፈት እስኪሞቅ የሚጠበቀው ሣጥን ብቻ ይመስላቸዋል። እሱ በእርግጥ የከተማና የባለጸጋ ነበር። ትራንዚስተር የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ነገሩን ገለበጠው። በ1947 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ፣ በቤል ቤተ ሙከራ ተሠራ። በ1954 በኪስ የሚያዝ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ራዲዮ ገበያ ላይ ዋለ፤ ብዙም ሳይቆይ ጃፓኖች አረከሱት። ትንሽ ነው፤ በድንጋይ ይሠራል። መብራት አይፈልግም፣ ሽቦ አይፈልግም። መብራት በሌለበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እረኛው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ከብት ይጠብቃል። ገበሬው ማሳው ዳር ካለው ዛፍ ላይ ሰቅሎት ያርሳል። ሙሽራው ሲመረቅለት ራዲዮ ይዞ ይታያል። ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ያውም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ። ገጠር እስኪደርስ ብዙ ዓመት ወስዷል። ገበሬው የመሬት አዋጁን፣ የንጉሡን መውረድ፣ የጦርነቱን ማለቅ በሞባይል አልሰማም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የዕለቱን ዋጋ በራዲዮም ያስነግር ነበር፤ የቡና አምራቹ የአዲስ አበባን ዋጋ ሰምቶ ነጋዴ ፊት እንዲቆም።

ድሃው ገበሬ ድንጋይ መግዣ አልነበረውም፣ ብዙውም ቋንቋው አይገባውም ነበር ቢሉ ኖሮ ግን እቀበላቸው ነበር። ይህ እውነት ነው። በአገሪቱ ካሉ ቋንቋዎች ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ አየር ላይ የሚሰሙት። በማይገባው ቋንቋ ዘፈኑን ብቻ የሰማ ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያለው ትችት ራዲዮ ለሁሉም እኩል እንዳልደረሰ ያሳያል። «ምንም አልነካውም» ከሚለው ግን በጣም ይለያል።

ራዲዮ ሞቷል? ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያው የግል ኤፍኤም ሆኖ ሲከፈት ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ የልብስ ስፌቱ ቤት ሁሉ እንዴት እንደተቀበለው እናውቃለን። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ግቡ። ቢቢሲ በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ሲጀምር በኢንተርኔት ብቻ አልቆመም፤ የአጭር ሞገድ ስርጭትም ጨመረ። ለምን እንደሆነ የታየው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ጸሐፊው የራዲዮ ገዳይ የሚሉት ሞባይል እጅ ላይ ድንጋይ ሆነ። ከሩቅ የሚመጣ አጭር ሞገድን ግን ማማ ዘግቶ ማቋረጥ አይቻልም።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚያስከትሉ ጽሑፋቸው ግርጌ ላይ ገልጸዋል። አነበዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የ1938ቱን ታሪክ ያስተካክሉ፤ ብዙ ሰው እንዳለ ወስዶታል። መንጋ የምትለዋን ቃል ደግሞ ያንሷት። እነዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው መርፌ ሲያሽከረክሩ ያደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ጽሑፋቸውን ከሚያነቡት መካከልም አሉበት።